ሁለተኛው የድምፅ መስጫ ወረቀት

በሰከላ ወረዳ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ውኃ መጀመሪያ የሚጓዘው ወደ ሰሜን ነው። ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና ይገባል፤ በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል፤ ከዚያ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ፣ ቡሬን ከነቀምቴ የሚያገናኘው መንገድ በሚሻገረው በረሃ በኩል ያልፋል። ከሰከላ ተነሥቶ ከቡሬ በታች ለመድረስ አገር ይዞራል። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ጥያቄም እንዲሁ ነው። ከጎጥ ተነሥቶ በቀበሌና በወረዳ አልፎ ባሕር ዳር ይገባል፤ መልሱ እርሻው ዳር እስኪደርስ ግን ዓመት ይዞራል፤ በመንገድ የሚቀረውም ብዙ ነው። ጥያቄውን ይዞ ባሕር ዳር የመግባት፣ መልሱንም ይዞ የመመለስ ኃላፊነት ያለበት ሰው የክልል ምክር ቤት አባል ይባላል።

ይህን ሰው በስሙ የሚያውቀው ጥቂት ነው። በጃቢ ጠህናን ወይም በወንበርማ ያለ ገበሬ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ከነዘሩ ያውቀዋል። የወረዳውን አስተዳዳሪ በስብሰባ አይቶታል። የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም በራዲዮ ይሰማል። «ባሕር ዳር ላይ የአንተ ወኪል ማነው?» ሲባል ግን ብዙው ያመነታል። በገበሬው አልፈርድም። የተመረጠው ሰው ከምርጫው በኋላ ካልታየ፣ ስሙ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር በዝናብ ይታጠባል።

ነገሩን ከምርጫው ቀን እንጀምር። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ መራጩ ጣቢያ ሲደርስ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ይሰጠው ነበር። አንዱ አዲስ አበባ ለሚሰበሰበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ባሕር ዳር ለሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ወሬውም ክርክሩም የሚበዛው በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው የመጀመሪያው ተከታይ አድርጎ፣ ያንኑ የፓርቲ ምልክት ፈልጎ ምልክት አድርጎበት ይወጣል። ለገበሬው ኑሮ የሚቀርበው ግን ሁለተኛው ነው፤ ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች እናያለን።

እዚህ ላይ አንድ የቃል መደናገር አለ። «ክልል» ስንል የአማራን ክልል ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ «የምርጫ ክልል» ስንል ደግሞ አንድ ተመራጭ የሚወክለውን ትንሽ አካባቢ ማለታችን ነው። የምርጫ ክልል ብዙ ጊዜ ወረዳን መሠረት አድርጎ ይከለላል። ከአማራ ክልል ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የሚላኩት 138 ናቸው፤ የክልሉ ምክር ቤት ግን 294 ወንበሮች አሉት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ነበር። ይህን ለ294 ብናካፍለው አንድ ወንበር 58 ሺህ ለሚያህል ሰው ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ ዛሬ ከአንድ ተመራጭ ጀርባ ያለው ሰው ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ጃቢ ጠህናን ወረዳ ብቻዋን በዚያ ቆጠራ 179 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት፤ ምዕራብ ጎጃም በቀድሞው ስፋቱ ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ነበረ፤ ከአሥር ሰው ዘጠኙ የገጠር ነዋሪ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር «መራጭ» ማለት በዋናነት በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ የሚያመርት ሰው ማለት ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ በአሜሪካ የኒው ሃምፕሻየር ግዛት 1.4 ሚሊዮን ለሚያህል ሕዝብ 400 የታችኛው ምክር ቤት አባላት አሏት። ደመወዛቸው በዓመት 100 ዶላር ብቻ ነው። አባሉ አናጢ ወይም ጡረተኛ መምህር ሆኖ ሳለ የሚወክለው ሦስት ሺህ ተኩል ያህል ሰው በመሆኑ ሁሉንም በየቤቱ ሊያገኝ ይችላል። በእኛም አብዛኞቹ የክልል ምክር ቤት አባላት ሌላ ሥራ ያላቸው፣ በጉባኤ ጊዜ የሚሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ የሚወክሉት ሕዝብ ብዛትና የሚሄዱበት መንገድ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ይህ አስፋልቱ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ደጋ ዳሞት ወይም ወደ ቋሪት ቀበሌዎች የሚደረገው ጉዞ ሌላ ነው፤ በክረምት ደግሞ ወንዙ ሲሞላ በእግር እንኳ የማይደረስበት ቦታ አለ።

አሁን ሥልጣኑን እንይ። በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 መሠረት የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፤ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው። የክልሉን ሕገ መንግሥትና አዋጆች ያወጣል፤ አዋጆቹ «ዝክረ ሕግ» በተባለው ጋዜጣ ይታተማሉ። የክልሉን በጀት ያጸድቃል። ከአባላቱ መካከል ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል፤ የቢሮ ኃላፊዎችንና ዳኞችን ሹመት ያጸድቃል። ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚሄዱትንም የሚመርጠው እርሱ ነው፤ የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከዚህም በላይ፣ በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩት መሠረታዊ መብቶች ሊሻሻሉ ቢታሰብ የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። ዛሬ ክልሎቹ 12 ናቸው፤ ከ12ቱ አንዱ ብቻ እንቢ ቢል ማሻሻያው ይቆማል። ከወንበርማ የተመረጠ ሰው እጁን ሲያነሣ ያ እጅ እስከዚህ ድረስ ክብደት አለው።

ለገበሬው ከሁሉም የሚቀርበው የመሬት ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ መሬትን የማስተዳደር ሥልጣን በፌዴራል ሕግ ማዕቀፍ ውስጥ ለክልሎች ሰጥቷል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም የሚመራው ባሕር ዳር ላይ በወጣው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። መሬት ማን ይወርሳል፣ ለስንት ጊዜ ይከራያል፣ በስጦታ ለማን ይተላለፋል፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ እንዴት ይካፈላሉ፣ ለልማት ሲወሰድ ምን ይደረጋል፣ እነዚህ ሁሉ በክልሉ ምክር ቤት እጅ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው። ገበሬው በሣጥን ወይም በከረጢት ጠቅልሎ የሚያኖረው የይዞታ ደብተር ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ ሕግ ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 ደግሞ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያንና ከገበሬ የሚሰበሰበውን የእርሻ ገቢ ግብር ለክልል ሰጥቷል። ደብተሩም ግብሩም የሚወሰነው በሁለተኛው ወረቀት በተመረጠው ምክር ቤት ነው።

ጎጃም ደግሞ ግብርን ያለ ውክልና ሲጭኑበት ምን እንደሚሆን ለአገሩ ያሳየ ምድር ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የመሠረተው ፓርላማ አባላቱ በሹመትና በመኳንንቱ ምርጫ የሚገቡ ነበሩ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ከእያንዳንዱ የምርጫ ወረዳም ሁለት ሁለት እንደራሴ ይላክ ጀመር። ነገር ግን ዕጩ ለመሆን በአካባቢው የተወሰነ ዋጋ ያለው ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ ተራው ባለ ርስት ገበሬ ከበሩ ተመለሰ። ያ ፓርላማ ያሳለፈው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ሲታወጅ ጎጃም ተነሣ። የጎጃም ገበሬ መሬቱን ከአያት ቅድመ አያት በርስት የያዘ ነበር፤ ከድል ማግስት ጀምሮ በመጡት የግብር አዋጆች ላይም ሲያጉረመርም ቆይቷል። የቀያሽና የገማች መምጣትን የተረዳው መሬቴን ለክተው ነገ ሊነቅሉኝ ነው ብሎ ነበር። ዳሞት ጭምር አመፀ፤ ጦር ዘመተ፤ ሰው ሞተ። በመጨረሻ የተሸነፈው አዋጁ ነው። ጠቅላይ ገዢው ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተሰረዘ።

በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ጊዜ ለጎጃም ገበሬ ፓርላማ ውስጥ «ይህ ነገር በእኛ አገር እንዲህ ይተረጎማል» ብሎ የሚሟገት እውነተኛ ወኪል ቢኖር ኖሮ አዋጁ ሳይወጣ ይታረም ነበር ብዬ አምናለሁ። ወኪል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሕግ ከመውጣቱ በፊት የገበሬውን ፍርሃት በሕግ ቋንቋ የሚናገር ሰው ካልተገኘ ፍርሃቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ደርግ በ1979 ያቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት፤ የአንድ ፓርቲ ምክር ቤት በመሆኑ ለዚህ ጉዳይ የጨመረው ነገር ጥቂት ነው።

ወደ ዛሬው እንመለስ። የምዕራብ ጎጃምን ውክልና ከጎረቤቱ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። አዊ የብሔረሰብ አስተዳደር በመሆኑ እንጅባራ ላይ የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት አለው። ፍኖተ ሰላም ላይ ያለው የምዕራብ ጎጃም ዞን አስተዳደር ግን የክልሉ መንግሥት ክንድ ነው፤ ሕዝብ የመረጠው የዞን ምክር ቤት የለውም። በቀበሌና በወረዳ የተመረጠ ምክር ቤት አለ፤ ከወረዳ በኋላ ያለው ቀጣይ የተመረጠ አካል ባሕር ዳር ነው። ዞኑ ላይ በደል የደረሰበት ሰው የዞኑን ኃላፊ በሕዝብ ፊት የሚጠይቅለት የዞን ተመራጭ አያገኝም። ያን ክፍተት መሸፈን የሚችለው የክልል ምክር ቤት አባሉ ብቻ ነው። የምዕራብ ጎጃም ተመራጭ ከእንጅባራው ተመራጭ የበለጠ መሥራት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ግን ሁሉን ከእርሱ መጠበቅም ልክ አይሆንም። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው አውራ ጎዳና የፌዴራል ነው፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎትም የፌዴራል ነው። እነዚህን የሚጠይቀው በመጀመሪያው ወረቀት የተመረጠው የአዲስ አበባው ተወካይ ነው። የጤና ጣቢያ፣ የትምህርት ቤት፣ የቀበሌ ለቀበሌ መንገድ፣ የመጠጥ ውኃ፣ የወረዳ ፍርድ ቤትና የፖሊስ ነገር የክልሉና የወረዳው ነው። ማዳበሪያ ደግሞ የሁለቱም ነው። ግዢውን የሚፈጽመው የፌዴራሉ የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው፤ ከወደብ ከተነሣ በኋላ ለገበሬው የሚያደርሱት ዩኒየኖችና መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው፤ የእነርሱ ተቆጣጣሪ ደግሞ ክልሉ ነው። በ2015 ክረምት መባቻ ማዳበሪያ በማጣት የክልሉ ገበሬ አደባባይ ሲወጣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ጣቱን ወደ ሌላው መጠቆም ቀላል ሆኖለት ነበር። ጥሩ ተመራጭ በእንዲህ ያለ ጊዜ መጋዘን ድረስ ሄዶ ስንት ኩንታል ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለማን ወጣ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም በጉባኤው ላይ ያነብባል። ሌላ ብዙ ነገር ባይችል ይህን ይችላል።

የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ጥሩ ምሳሌ ነው። ቡሬ የበቆሎና የበርበሬ አገር በመሆኗ ፓርኩ መምጣቱ ተገቢ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በከተማዋ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካም ተመርቋል። ለፋብሪካ መሬት ሲወሰድ ግን ካሣውን የሚጠብቅ ገበሬ አለ፤ የሰብሉ ዋጋ ፍትሐዊ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ አምራች አለ፤ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት አለ። የእነዚህ ሦስቱ ጉዳይ በአንድ ተመራጭ ቦርሳ ውስጥ አብሮ ይሄዳል፤ የአንዱ ሲነበብ የሌላው መረሳት የለበትም።

ጊዜውን ማወቅም ግድ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የክልሉ ምክር ቤት በጀቱን የሚያጸድቀው በክረምቱ መካከል ነው። ያን ጊዜ ገበሬው ጤፍ እየዘራ፣ በቆሎ እያረመ ነው፤ ቀና ብሎ ባሕር ዳር ምን ተባለ የሚልበት ፋታ የለውም። ስለዚህ የቀበሌውን ድልድይ በቀጣዩ በጀት ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ ሕዝብ ተመራጩን መያዝ ያለበት በበጋ ነው፤ እህል ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ። ወረዳው ዕቅዱን የሚያዘጋጀው በእነዚህ ወራት ነውና። በሰኔ የሚቀርብ ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀራል። ሰንበቴውም፣ ዕድሩም፣ የመስኖ ማኅበሩም ለዚህ ጥሩ መድረክ ነው፤ ጥያቄው በጽሑፍ ሆኖ፣ ቀንና የቀበሌ ስም ተጽፎበት፣ የብዙ ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ቢያርፍበት በቃል ከተነገረ አቤቱታ ይልቅ ክብደት አለው።

ተመራጩ አቅም የሚያንሰው የት ላይ ነው? መጀመሪያ ፓርቲው ነው። በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ወሰዱ፤ የክልል ምክር ቤቶችም በእነርሱ ተሞሉ። ሁሉም አንድ ፓርቲ በሆነበት ጉባኤ ከወዲያኛው ወንበር ተነሥቶ «አይሆንም» የሚል አይገኝም። በ2013 አንዳንድ ተቃዋሚዎች ቢገቡም ብልጽግና ፓርቲ አብላጫውን ያዘ። ሁለተኛው የሥራ አስፈጻሚው ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው። ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ብቻ ምክር ቤቱ አምስት ርዕሳነ መስተዳድር መርጧል፦ አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለ፣ አረጋ ከበደ። አምባቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ በጥይት ተገደሉ። የቋሪት ተመራጭ ለአንዱ ርዕሰ መስተዳድር ያቀረበውን ጥያቄ ለሌላው እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት።

ከዚያ በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል ጦርነት መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሰዎች ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። በማግስቱ ነሐሴ 8 የተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን አጸደቀ። ነሐሴ 19 ቀን ባሕር ዳር ላይ የተሰበሰበው የክልል ምክር ቤት አረጋ ከበደን ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ መረጠ። በዚያው ነሐሴ የክልሉ ምክር ቤት አባል የሆኑት ዮሐንስ ቧያለው ተያዙ፤ በኋላም በሽብር ወንጀል ተከሰሱ። ስሟ «የሰላም መንገድ» የሆነች ከተማ ሰዎቿን ስትቀብር፣ ጉባኤው ሹመት ሲያጸድቅ፣ አንድ ተመራጭ እስር ቤት ሲገባ፣ ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ ሆነ።

ያለመከሰስ መብት የሚባለውን ብዙ ሰው ለባለሥልጣን የተሰጠ ጥቅም አድርጎ ያየዋል። እኔ እንደማምነው የመራጩ መብት ነው። ተመራጭ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ እንዳይያዝ የተደነገገው፣ የላከው ሕዝብ ድምፅ በአንድ ሌሊት እንዳይቋረጥ ነው። ተመራጩ ያጠፋም እንደሆነ ምክር ቤቱ በሕግ መብቱን አንሥቶ ለፍርድ ያቀርበዋል። ቅደም ተከተሉ ሲዘለል የሚጎዳው ከተያዘው ሰው ጀርባ ያለው ሕዝብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመራጭ ወደ ቀበሌው መውረድ አልቻለም። መንገዱ ተዘግቷል፤ ሕይወቱም ያሰጋዋል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ጤና ጣቢያ መድኃኒት አጥቷል። ባለ ጉዳዩ ባሕር ዳር ድረስ ለመሄድ ብር የለውም፤ ቢሄድም በየኬላው የሚያጋጥመውን አያውቅም። ወኪልና ሕዝብ የሚገናኙበት መንገድ ከተቆረጠ ውክልናው በወረቀት ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የምዕራብ ጎጃም ተመራጭ የመጀመሪያ ሥራው መንገድ ወይም ድልድይ መጠየቅ አይደለም። በጉባኤው ቆሞ በቀበሌው ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተፈናቀለ፣ ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ እንደወጣ በቁጥርና በቦታ ስም መናገር ነው። የጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይህን ከመዘገበ ማንም ሊክደው አይችልም።

ሕዝቡስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። አምስት ዓመት ዝም ብሎ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ግን ለማንሣትም ለማመስገንም መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር እጠይቃለሁ። በቡሬ፣ በወንበርማ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በደንበጫ፣ በደጋ ዳሞት፣ በቋሪትና በሰከላ ባለው በእያንዳንዱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የክልል ምክር ቤት ተመራጩ ስም፣ የሚሠራበት ቋሚ ኮሚቴና ከሕዝብ ጋር የሚገናኝበት ቀን በጉልህ ፊደል ይጻፍ። ማንበብ ለማይችሉት ልጆቻቸው ያንብቡላቸው። በሚቀጥለው ምርጫ ሁለተኛው ወረቀት እጃችሁ ሲገባም ምልክቱን ብቻ አይታችሁ አትለፉት፤ ስሙን አንብቡት።